የአያ ክንዱ ዶልፊን

የካቲት 2፣ ሰኞ

የዳባቱ ሾፌር የአያ ክንዱ ዶልፊን ሚኒባስ በአይሱዙ ተጎትታ ገባች። ሞተሯ ሞቷል። ቺንጋዋ ከተቀየረ ገና ሦስት ወሩ ነው። የቀየርኩት እኔ ነኝ። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ያልሰማ ካለም አጎቴ እስከ ማታ ያሰሙታል።

ደብተር የጀመርኩት ለዚህ ነው። ነገ "እንዲህ ብለሽ ነበር፣ እንዲህ አላልሽም" ሲመጣ የራሴ ቃል በእጄ ይኑር። ፈትሂያ ዐብዱልከሪም እባላለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ በአዘዞ መንገድ፣ ፀዳ ላይ ያለው የአባቴ ጋራዥ ባለቤት ነኝ። አባቴ ከሞተ አራት ዓመት ሆነው። "ባለቤት" የሚለውን ቃል ሳይስቅ የሚጠራልኝ እስካሁን ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት አያ ክንዱ የእህቱን ልጅ ሙሽሪትን ከነአጃቢዎቿ ጭኖ ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ዳባት ሲወጣ፣ ዳገቱ ላይ ሞተሩ አንድ ጊዜ ቋ ብሎ ጸጥ አለ። ሙሽራዋ መንገድ ዳር ሁለት ሰዓት ቆመች። በመጨረሻ ድንች የጫነ ማኪና ለምኖ አሳፈራት፤ እሷ ጋቢና፣ ሚዜዎቹ ጆንያው ላይ ሆነው አማቶቿ ደጅ ደረሱ። ዛሬ ዳባት ገበያ ላይ "ድንቿ ሙሽራ" እየተባለች ነው አሉ። አያ ክንዱ ይህን ሲነግረኝ አልጮኸም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

"ማኪናውስ ብረት ነው፣ ይበጃል" አለኝ። "የልጅቱን ስም በምን ቁልፍ ትፈችልኛለሽ?"

"ሞተሩን ልክፈተው" ብቻ አልኩት።

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

የሞተሩን የላይ ክዳን፣ ቴስታታውን አወረድኩ። ከስምንቱ ቫልቮች ስድስቱ ጎብጠዋል። ቺንጋ ማለት የሞተሩን የታችኛውን ዘንግ ከላይኛው ጋር የሚያስማማ ባለጥርስ ቀበቶ ነው፤ ጥርሱ ሲላጭ ላይኛው ይቆማል፣ ቫልቮቹ እንደተከፈቱ ይቀራሉ፣ ከታች ፒስተኑ መጥቶ ይመታቸዋል። የተመቱበት ቦታ ፒስተኖቹ አናት ላይ ታትሟል። ፒስተኖቹ ግን አልተሰነጠቁም፣ አልሐምዱሊላህ። አንዱ ቫልቭ የሚወጣ የሚወርድበት ቱቦ ተሰንጥቋል፤ እሱ የብረት ላጪው የወንድምአገኝ ሥራ ነው፣ ቶርኖ ቤት ይሄዳል።

ሁለቱ ዘንጎች የሚገጥሙባቸውን ምልክቶች ልክ ነበር ያሰርኳቸው። ነጥብ በነጥብ። አባቴ እንዳስተማረኝ ሁለት ዙር በእጄ አዙሬ አይቼ ነው የዘጋሁት። ልክ ነበር።

ቺንጋውን የሚወጥረውን ተሽከርካሪ ብረት፣ ኩሽኔታውንም ፈታሁት። ተቃጥሎ ቆሟል፤ እሱ ሲቆም ቺንጋው ይላጫል። ስለ እሱ ዛሬ አልጽፍም።

የካቲት 5፣ ሐሙስ

አራዳ፣ አጎቴ የመለዋወጫ ሱቅ በር ላይ። ስደርስ በሩ ላይ የተቀመጡት ወሬያቸውን አቋረጡ። ከመድረሴ በፊት ግን ይሰማኝ ነበር።

"ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ ሲባል ዝም ብሎ መሰላችሁ?" የሚለው የጎረቤታቸው የጎማ ነጋዴው ድምፅ ነው። ሳቁ የአጎቴ ነው።

ሰላም ብዬ ገባሁ፣ የምፈልገውን ብሎን ገዛሁ፣ ሰላም ብዬ ወጣሁ። የጎማ ነጋዴውን "የርስዎ ማኪና ባለፈው ግንቦት በማን አለቀ?" ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። በእኔ ነው ያለቀው፤ በአንድ ቀን።

የካቲት 8፣ እሑድ

ነገ የክርስቲያኖቹ ዐቢይ ጾም ይገባልና አያ ክንዱ "ሽምግልናው ዛሬ ካልሆነ" አለ። አዲስ ዓለም፣ እናቴ ቤት ግቢ ውስጥ ተቀመጥን። ከእሱ ወገን አንድ የዳባት ቄስ፣ ከእኛ ወገን ጎረቤታችን ሐጂ ሳሊም። አጎቴ ዐብደላ በአባቴ ቦታ። እናቴ ራቢዓ በሩ ጥግ። እኔ መሐል።

አጎቴ ቀድመው ተናገሩ። የመለዋወጫ ሱቅ ይዘው ሠላሳ ዓመት ስለኖሩ ነገር አሳምረው ይደረድራሉ። "አሥራ አራት ሰው በሚጭን ማኪና ሃያ ሁለት ሰው ጭኖ ዳገት ይወጣል እንዴ? ጥፋቱ የጭነት ነው። የወንድሜ ልጅም ብትሆን ጥፋት የለባትም አልልም፤ ሴት ልጅን እዚህ ሥራ ላይ ማስቀመጣችን የኛ ጥፋት ነው።" እንዲህ አድርገው አያ ክንዱንም እኔንም በአንድ አረፍተ ነገር ቀበሩን።

ቀጠሉ። እኔ ወደ ሱቃቸው ገብቼ ባንኮኒ እንድጠብቅ፣ ጋራዡን የሚያሠራ ወንድ እንዲያስቀምጡበት። እናቴ አንገቷን ነቀነቀች። እሺ ማለቷ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ እንዲያ ተስማምታ ስትነቀንቅ አላየኋትም።

"ሞተሩን እኔው አስነሣዋለሁ" አልኩ። "በራሴ እጅ። ካልተነሣ ቁልፉን ራሴ አመጣለሁ።"

ሐጂ ሳሊም "ቀን ቁረጪ" አሉኝ። የመጋቢት ስድስትን እሑድ ቆረጥኩ። ሞተሩ ከተነሣ ጋራዡ የእኔ ነው፤ ካልተነሣ ቁልፉ የአጎቴ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ደግሞ የዚያኑ ቀን ይታያል ተባለ። ቄሱ መረቁ፣ ሐጂ ሳሊም ዱዓ አደረጉ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይታያል ሲባል ዓይኔን ከአያ ክንዱ ላይ አነሣሁ።

የካቲት 11፣ ረቡዕ

ረመዳን ገባ። አያ ክንዱም ጾመኛ፣ እኔም ጾመኛ። ጋራዡ ውስጥ ዛሬ የጠገበችው ድመቷ ብቻ ናት።

ቫልቮቹን አዲስ አበባ አዝዣለሁ። መንገዱ ተዘግቷል። መቼ ይከፈታል? "ሲከፈት።"

የካቲት 15፣ እሑድ

አጎቴ መጡ። ሳይጠሩ ነው የሚመጡት፣ የወንድማቸው ቤት ነውና። ስድስት ቫልቭ በካርቶን ይዘውልኝ መጥተዋል። "በነፃ ነው፤ ከመንገዱ መዘጋት ጋር አትታገዪ" አሉ።

"አመሰግናለሁ አጎቴ፣ ያዘዝኩት ይመጣል" አልኳቸው።

ዓይናቸው ተለወጠ። "የኔ ዕቃ ምን ሆነ?"

"ምንም።"

"ምንም ከሆነ ምነው ካዲሳባ?"

ቁልፌን አንሥቼ ወደ ሞተሩ ተመለስኩ። ካርቶናቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ሄዱ። ማታ እናቴ "የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሉሻል፤ አጎቷ ሱቅ ሙሉ ዕቃ እያለ" አለችኝ። ይበሉኝ። ሰው የሚለውን ሁሉ ብሰማ ኖሮ ዛሬ ሦስት ልጅ ወልጄ ባንኮኒ እጠብቅ ነበር። ልጆቹ አይከፉም ነበር፤ ባንኮኒው ነው።

የካቲት 19፣ ሐሙስ

ቶርኖ ቤት፣ ማራኪ መታጠፊያ። ወንድምአገኝ አባቴ የሚያምነው ሰው ነበር፤ ብዙ አያወራም። የተሰነጠቀውን ቱቦ አውጥቶ አዲስ አስገባ፣ የቴስታታውን ፊት ላጨ፣ በመስመሪያ እያየ አንድ ጸጉር የምታህል ክፍተት እንደሌለ አሳየኝ። ከዚያ እጁን እየጠረገ ጠየቀኝ።

"ወጣሪው ኩሽኔታ እንዴት ነበር?"

"ተቃጥሏል።"

"ሃያ ሁለት ሰው ክላች ይበላል፣ ፍሬን ይበላል" አለ። "ኩሽኔታ ግን አያቃጥልም። ለኩሽኔታው ከውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቢወርድም ያው ነው።"

ለመሄድ ስነሣ "አባትሽ ዕቃ ሲገዛ ጆሮው ላይ አድርጎ ያዞር ነበር" አለኝ። ለምን ያን አለ? ቴስታታውን ተሸክሜ ወጣሁ፣ ክብደቱ አልተሰማኝም።

የካቲት 22፣ እሑድ

እሺ። ልጻፈው። ጾም አፌን አድርቆት ከማንም ጋር የማላወራበት ሰዓት ነው፤ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ጋራዡ ተዘግቶ፣ በዶልፊኗ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

ኅዳር ላይ ነው። ከአያ ክንዱ ጋር አጎቴ ሱቅ ሄድን። አጎቴ ቺንጋውንና ኩሽኔታውን ከአዲስ ካርቶን አወጡ፤ በራሳቸው እጅ፣ ደንበኛው ፊት፣ "ለወንድሜ ልጅ ከምርጡ ነው የምሰጠው" ብለው። ሱቁ ሰው ሞልቶ ነበር። ኩሽኔታ ስትገዛ በጣትህ ታዞረዋለህ፤ ይህ የሥራው ሀ ሁ ነው። እኔ ከሌላ ሱቅ ብገዛ ሦስት ጊዜ አዞረው ነበር። እዚያ ግን የአጎቴን ስጦታ ሰው ፊት ማገላበጥ፣ ቃላቸውን መመርመር ሆነብኝ። አፈርኩ። በሁለት እጄ ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ጋራዥ ገብቼ ስገጥመው አዞርኩት። ቃጭ የምትል ድምፅ ነበረችው። ትንሽ። አሸዋ ገብቶ ሊሆን ይችላል ብዬ አጠብኩት፤ ያው ነው። አዲስ ነውና ይለሰልሳል ብዬ ገጠምኩት። አዲስ ኩሽኔታ እንደማይለሰልስ አውቃለሁ። አውቃለሁ! መልሼ ብወስደው "ልጅቱ የአጎቷን ዕቃ መለሰች" ይባላል፤ እሱን ፈርቼ ነው። ምልክቱን ልክ ነው ያሰርኩት እያልኩ እዚህ ደብተር ላይ ስጽፍ ሰነበትኩ። ምልክቱማ ልክ ነበር። ይሉኝታ ግን ኩሽኔታ አያዞርም።

ሴትነቴ አይደለም ያጠፋው። ይህን የሚለኝ ካለ ፊቱ ላይ እነግረዋለሁ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ፈትሂያ፤ ጆሮዬ የሰማውን አፌ ስላልተናገረ።

ከዚያ ካርቶን ውስጥ ሌላ ስንት ኩሽኔታ ወጣ? ይህ ጥያቄ ከመጣብኝ ወዲህ ዳገት የሚወጣ ማኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ሥራ አቆማለሁ።

የካቲት 23፣ ሰኞ

መንገድ ተከፈተ። ቫልቮቹ ደረሱ። እያንዳንዳቸውን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አንከባለልኳቸው፤ አብሮ የመጣውን አዲስ ኩሽኔታ ደግሞ ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዞርኩት። ጸጥ። ዕቃውን ያመጣው ሰው አጠገቤ ቆሞ ያየኛል። ይየኝ።

የካቲት 26፣ ሐሙስ

ሦስት ቀን ቫልቭ ሳሽ ሰነበትኩ። መፍጫ ቅባት ቀብተህ እያንዳንዱን ቫልቭ በመቀመጫው ላይ ወዲያ ወዲህ ታሸዋለህ፣ ዙሪያውን እኩል አመድማ ክብ እስኪሠራ። መዳፌ ተልጧል። ከዚያ ቴስታታውን ገልብጬ ጉድጓዶቹ ውስጥ ላምባ ሞላሁ፤ ካንጠባጠበ ቫልቩ አልገጠመም ማለት ነው።

አያ ክንዱ ያን ጊዜ መጣ። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ዘጠኝ ሰዓት አልደረሰለትም፣ ለእኔም መግሪብ ሩቅ ነው፤ ከሁላችን የሚጠጣው ቴስታታው ብቻ ነበር። ሁለታችንም ላምባውን እናያለን። ከሦስተኛው ቫልቭ አንዲት ጠብታ ወረደች።

"አንዷ ምን ትላለች? ተያት" አለኝ።

"አልተዋትም፣ አያ ክንዱ። አንድ ጊዜ ትቼ ነው እዚህ የደረስነው።"

ከዚያ ነገርኩት። ሱቁን፣ ካርቶኑን፣ ድምፁን፣ ሁሉን። እጄ ላይ ያለውን ቫልቭ እያየሁ ነው የነገርኩት፣ ፊቱን ማየት አልቻልኩም።

"ታዲያ ምነው ያን ጊዜ አልነገርሽኝ?"

"አጎቴን አፍሬ።"

"ኧረ ወዲያ!" ብሎ ተነሣ፣ በሩ ድረስ ሄደ፣ ተመለሰ። "ሰውዬሽ ሽማግሌ ፊት ሃያ ሁለት ሰው ጫነ ሲሉኝ ነድጄ ነበር። ግን ጭኛለሁ። ሚዜዎቹ አንወርድም አሉ፤ የሠርግ ሰው ውረድ ማለት አፈርሁ።" መልሶ ተቀመጠ። "ሁለታችን አፍረን፣ ልጅቱ የድንች ማኪና ላይ ወጣች።"

ሳቄ መጣ። እሱም ሳቀ፣ ከዚያ ደግሞ ተቆጣ። "የሳቅሁት ይቅር ብዬሽ አይደለም" አለኝ። እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሦስተኛውን ቫልቭ እንደገና ማሸት ጀመርኩ፤ እስክጨርስ አልሄደም።

መጋቢት 1፣ ማክሰኞ

አንዲትም አላንጠባጠበችም። ቴስታታው ከነአዲሱ ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ተቀመጠ። ብሎኖቹ በተራቸው፣ ከመሐል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር። ካምሻፍቱ፣ የላይኛው ዘንግ፣ ገባ።

ውሃ ጠማኝ። ጾሙን አልፈታም።

መጋቢት 4፣ ዓርብ

ቫልቮቹ ራስ ላይ ሳንቲም የሚያህሉ ብረቶች ይቀመጣሉ፤ ውፍረታቸው ልክ ካልሆነ ወይ ያንኳኳል ወይ ቫልቩ ሳይዘጋ ቀርቶ ይቃጠላል። ሁለቱ ልክ አልመጡም። ወንድምአገኝ ከአሮጌዎቹ ሁለቱን ላጭቶ አመጣልኝ፣ ራሱ፣ በእግሩ። "ሲነሣ ልስማው ብዬ ነው" አለ። አልተነሣም ገና። ምልክት በምልክት አሰርኩ። ሁለት ዙር በእጅ። ቫልቭ ፒስተን አልነካም። አሁንም ሁለት ዙር።

እናቴ ዛሬ "አጎትሽን በሽማግሌ ፊት እንዳታዋርጂ" አለችኝ። ማን ነገራት? ማንም። ፊቴን አይታ ነው።

"አላዋርዳቸውም እማ። ራሴን ነው የምናገረው።"

"ያው ነው" አለች።

መጋቢት 6፣ እሑድ

ተነሣ።

የሽምግልናው ሰዎች ሁሉ ጋራዡ ውስጥ ተሰብስበው ያያሉ። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ አልቅሶ ዝም አለ። አጎቴ ሰዓታቸውን አዩ። መስመሩ ውስጥ የቀረ አየር ነው፤ ናፍጣውን በእጅ ፓምፕ እየገፋሁ አየሩን አስወጣሁ። በሦስተኛው ያዘ። ትንሽ ነጭ ጭስ፣ ከዚያ ጥርት ያለ የናፍጣ ድምፅ። እጄን ክዳኑ ላይ አድርጌ ቆየሁ። አለቀስኩ ይሉ ይሆናል። ጾመኛ ዓይን በጭስ ያነባል።

ሐጂ ሳሊም "ማሻአላህ" አሉ። ቄሱ አማተቡ። አጎቴ ፈገግ ብለው "እንግዲህ የተበላሸው በጭነት መሆኑ ታወቀ፤ ክንዱም ይመን፣ ነገሩም ይለቅ" አሉ። አያ ክንዱ "ጭኛለሁ፣ አልክድም" አለ። ወደ እኔ አላየም። ዝም ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው አልቆ ነበር፤ ጋራዡም የእኔ፣ ስሜም ንጹሕ፣ አጎቴም ደስ ብሏቸው፣ አያ ክንዱ ጥፋቱን ተሸክሞ ዳባት ይገባ ነበር።

"ኩሽኔታው ስገጥመው ድምፅ ነበረው" አልኩ። "ሰምቼ ገጠምኩት። የሙሽሪትን መንገድ ያሰናከልኩት እኔ ነኝ። ኩሽኔታው ከአጎቴ ሱቅ ነው፤ አጎቴ አላወቁም፣ እኔ ግን አውቄ ዝም አልኩ። ከዚያ ካርቶን የገጠመ ሰው ሁሉ ይፈትሽ።"

አጎቴ ፊታቸው ጠቆረ። "ቁልፉን አምጪ" አሉ። "ራስሽ አመንሽ። ጥፋተኛ ጋራዥ አይይዝም።"

"ውላችን ቢነሣ ነው፣ አጎቴ። ተነሥቷል፤ ይሰማል።"

"ሐጂ!" አሉ ወደ ሐጂ ሳሊም ዞረው። ሐጂ ሳሊም ጺማቸውን ያዙ። "ውሉ እንዳለችው ነው" አሉ። አጎቴ ምርቃት ሳይጠብቁ ተነሥተው ወጡ። ከሽምግልና እንደዚያ የወጣ የሰው ልጅ አይቼ አላውቅም። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች።

አያ ክንዱ ገብቶ መሪውን ያዘ። "አሥራ አራት ነው የምጭን" አለኝ። ከዚያ ወደ ዳባት ወጣ። እኔ ከተናገርኩት አንድም ቃል አልጸጸተኝም። እናቴ አሳዝናኛለች፣ እሱን አልክድም።

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ

በሩ ላይ በነጭ ቀለም ጻፍኩ፦ "ከኅዳር ወዲህ ቺንጋ የቀየራችሁ ኑ። ኩሽኔታ በነፃ ይፈተሻል።"

እናቴ አላናገረችኝም። አጎቴ ለእኔ ብሎን እንኳ እንዳይሸጥ ሱቃቸው ውስጥ ተናግረዋል። አዲስ አበባ ብሎን አለ።

መጋቢት 10፣ ሐሙስ

ሁለት ቀን፣ ዘጠኝ ማኪና። አራቱ ቃጭ ይላሉ። የመጀመሪያው ባለ ማኪና ነጠላ የለበሰ የደብረ ታቦር ሾፌር ነው፤ ድምፁን ሲሰማ እጄን ሳመው። አያ ክንዱም ዳባት ላይ ለሾፌር ሁሉ ተናግሮልኛል መሰለኝ፤ ከዚያ ሦስት መጡ።

መጋቢት 11፣ ዓርብ፣ ዒድ

ከሶላት በኋላ አጎቴን ለመዘየር ሄድኩ፤ ታናሽ ነው የሚሄደው። ሚስታቸው በር ላይ "ተኝተዋል" አለችኝ። ሳሎን ውስጥ ሲያስሉ ይሰማል። "ሲነቁ ዒድ ሙባረክ በይልኝ" ብዬ ተመለስኩ። ሰባት ዓመት ሆኖኝ አንድ ዒድ ላይ ከረሜላ በሁለት እጃቸው ሞልተው የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። መንገዱን ሙሉ ከፋኝ። ግን በሩ ላይ የጻፍኩትን አላጠፋውም።

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ

የዒድ ማግሥት ነው፣ ሥራ አልነበረብኝም። ሁለት ማኪና በር ላይ ስላደሩ ከፈትኩ። አንደኛውን እየፈታሁ ሳለ የአጎቴ ፒክአፕ መጥታ ከኋላ ቆመች። ጥር ላይ ነው ቺንጋዋ የተቀየረው፣ ከራሳቸው ሱቅ፣ በሌላ ጋራዥ። አባቴ ከሞተ ወዲህ አንድም ቀን ለእኔ ሰጥተውኝ አያውቁም።

መስታወቱን ዝቅ አደረጉ። አልወረዱም። ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰዋል። በሩ ላይ የጻፍኩትን አነበቡ፣ ሁለት ጊዜ።

"ፈትሂያ፣ ይችን እያት።"

እጄን በጨርቅ ጠርጌ ቀረብኩ። ትከሻቸውን በመስኮቱ ስሜ "ዒድ ሙባረክ" አልኳቸው። "አያታለሁ አጎቴ። ከፊትዎ ሁለት አሉ።"

ሁለቱን ማኪና አዩ። እኔን አዩ። አስነሥተው ይሄዳሉ ብዬ ጠበቅኩ። ሞተሩን አጠፉ። ወረዱ። ከቢሮ ወንበር አመጣሁላቸው፣ ዘይቱን ጠርጌ። ጀለቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡና ተራቸውን ጠበቁ።